ተዳፋት ላይ ሳር የሚያጭድ አዲስ ትራክተር እንዴት ይመረጣል?

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ፣ መናገሻ ወይም ከእንጦጦ ጀርባ የሳር መሬት ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የሁሉም ሰው ሳር በአንድ ጊዜ ይደርሳል። የቀን ሠራተኛ እንደ ልብ አይገኝም። ሳሩ ቆሞ ሲሰነብት ደግሞ ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ላም የማትወደው ግንድ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ «የራሴን ማሽን ልግዛ» ማለት ተገቢ ሐሳብ ነው።

ችግሩ ስንገዛ የምንጠይቀው ነገር ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ሾውሩም ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?» ብሎ ነው፣ ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል፣ ከዚያ ቀብድ። መሬታችሁ ሜዳ ከሆነ በዚህ መንገድ ገዝታችሁም ብዙ ላትጎዱ ትችላላችሁ። ተዳፋት ከሆነ ግን ጉልበት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ጥያቄ ነው። ከሱ በፊት የሚመጣው ትራክተሩ ሳይገለበጥ መቆም መቻሉ፣ ቁልቁለት ላይ መያዝ መቻሉ፣ ሲበላሽ ደግሞ መለዋወጫው እዚሁ አዲስ አበባ መገኘቱ ነው። በብዙ አገሮች በእርሻ ሥራ ላይ ሰው ከሚገድሉ አደጋዎች ዋነኛው የትራክተር መገልበጥ ነው። ይህንን ይዘን እንጀምር።

መጀመሪያ መሬቱን ለኩ

«ትንሽ ዳገት አለው» የሚባል ልኬት የለም። ቁጥር ያስፈልጋል። መሣሪያው ቀላል ነው፦ 2 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ፣ የግንበኛ ውሃ ልክና ሜትር ያዙ። የጣውላውን አንድ ጫፍ ከዳገቱ በኩል መሬት ላይ አሳርፉ፣ ሌላውን ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ ዘርግታችሁ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ በአየር ላይ ካለው ጫፍ እስከ መሬቱ ያለውን ርቀት ለኩ። 35 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። 54 ከሆነ 15 ዲግሪ። 73 ከሆነ 20 ዲግሪ ደርሷል። ስልካችሁ ላይ ያለውን የማዘንበል መለኪያም ጣውላው ላይ አስተኝታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፣ ያኔ ጣውላው መሬቱን ተከትሎ ይተኛል።

አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ እንዳትተዉት። የሚገለብጠው የመሬቱ አማካይ ሳይሆን በጣም የከፋው ቦታ ነው። የቦረቦር ጠርዝ፣ የእርከን ግርጌ፣ ትራክተሩ የሚዞርበት ዳር፣ እነዚህን ለኩ። እግረ መንገዳችሁን ሳሩ ውስጥ የተደበቀውን ፈልጉ። በኛ አካባቢ ሁለት ነገር በጣም አስቸጋሪ ነው፤ የተቆረጠ የባህር ዛፍ ጉቶና የፍልፈል ጉብታ። ጉቶው ምላጭ ይሰብራል። ጉብታው ደግሞ የላይኛውን ጎማ ከፍ ሲያደርግ ከታች ያለው ጎማ ጉድጓድ ከገባ፣ 10 ዲግሪ የነበረው ተዳፋት በቅጽበት 15 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ለክታችሁ ያገኛችሁት ቁጥር ላይ ሁልጊዜ የተወሰነ ዲግሪ ጨምራችሁ አስቡ።

ቁጥሩ ምን ይነግራችኋል? እኔ የምሄድበት አከፋፈል ይህ ነው። እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ደህና ባለ አራት ጎማ ጎታች ትራክተር፣ በትክክል ከተዘጋጀና በጥንቃቄ ከተነዳ፣ ይሠራል። ከ10 እስከ 15 ባለው ውስጥ ጎማው ሰፋ ብሎ የቆመ፣ ዝቅ ያለና ክብደት የተጨመረበት መሆን አለበት፤ ነጂውም ልምድ ያለው ይሁን። 15 ዲግሪ ብዙ አምራቾች ተቀምጠው ለሚነዷቸው የሳር ማሽኖች የሚያስቀምጡት ጣሪያ ነው። የምትገዙት ትራክተር መመሪያ መጽሐፍ የራሱ ገደብ ካለው እሱ ይበልጣል። ከ15 በላይ ላለው ቦታ ተራ ትራክተር አትግዙ። እዚያ ላይ በእግር እየተከተሉ የሚገፉት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር፣ ጥርሶቹ እንደ መቀስ እየተላለፉ ከሚቆርጡት መቀስ ማጨጃ ጋር፣ ወይም ያው ማጭድ ይሻላል። ከመሬታችሁ አንድ አምስተኛው ብቻ ገደል ቢጤ ከሆነ ለሱ ብላችሁ ትልቅ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። ያንን ክፍል በሰው አሳጭዱ፣ ቀሪውን በትራክተር።

ማጨጃው ከትራክተሩ ቀድሞ ይወሰን

ብዙ ሰው ትራክተሩን ገዝቶ «አሁን ምን ልቀጥልበት?» ይላል። ተገላቢጦሽ ነው። ሳሩን የምታጭዱት ለምንድን ነው? ለድርቆሽ ከሆነ ሳሩ ረዥም ሆኖ ሳይከታተፍ መተኛት አለበት። ግቢና ባዶ መሬት ለማጽዳት ከሆነ ቢከታተፍም ግድ የለም።

በብዛት የሚታየው ከስር የሚሽከረከር ምላጭ ያለው ስላሸር ነው። ጠንካራና ርካሽ ነው፣ ቁጥቋጦም አይፈራም። ግን ሳሩን ይከታትፋል፣ ድንጋይ አግኝቶ ከወረወረ ደግሞ በጣም ርቆ ይሄዳል። ተራራማ መሬት ላይ እረኛና ልጅ የሌለበት ሰዓት የለም። ስለዚህ ከፊትም ከኋላም የሰንሰለት መከላከያ የሌለው ስላሸር እንዳትገዙ። መዶሻ መሰል ብዙ ትናንሽ ምላጭ ያለው ፍሌይል ለትራክተሩ ተጠግቶ የሚገጠም ስለሆነ ተዳፋት ላይ ሚዛን ብዙም አያዛባም፣ ድንጋይም ብዙ አይወረውርም፤ ለማጽዳት ሥራ ምርጫዬ እሱ ነው። ለድርቆሽ ግን አይሆንም።

ለድርቆሽ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ መቀስ ማጨጃ ነው። ቀላል ነው፣ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል፣ አቆራረጡ ንጹሕ ነው። ነገር ግን የፍልፈል አፈር ሲገባበት ጥርሱ ይደነዝዛል፣ ማገጥ የሚባለው ተክል የበዛበት የተኛ እርጥብ ሳር ላይም ይታነቃል። ሌላው ከሥራቸው ምላጭ ያላቸው የሚሽከረከሩ ከበሮዎች ያሉት ባለ ከበሮ ማጨጃ ነው። ፈጣን ነው፣ በቀላሉ አይታነቅም፣ ምላጩ በርካሽ ይቀየራል። ጉዳቱ ክብደቱ ነው። 1.65 ሜትር የሚያጭደው ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ የሚንጠለጠለው ከትራክተሩ በስተቀኝ ነው። ተዳፋትን አግድም ስታቋርጡ ማጨጃው ሁልጊዜ በዳገቱ በኩል መሆን አለበት። በቁልቁለቱ በኩል ከሆነ ትራክተሩን ወደ ታች እየጎተተው ነው ማለት ነው።

ከፍታው የሚበላው ጉልበት

ይህንን ነጥብ ሻጮች አያነሱትም፣ ለኛ አካባቢ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ትራክተሩ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የሚለካው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ባላለ ሁኔታ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ይበልጣል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ናፍታውን የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ያንሰዋል። አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል ብላችሁ አስሉ። ከሱሉልታ ዝቅ የምትለው መቂ ላይ ሲንደረደር ያያችሁት ትራክተር ሱሉልታ ላይ ሲያለከልክ ብታዩት ተበላሽቶ አይደለም።

በቁጥር እንየው። 35 የፈረስ ጉልበት የሚል ቱርቦ የሌለው ትራክተር ገዛችሁ እንበል። 2,500 ሜትር ላይ ሩቡን ቀንሱ፣ 26 ገደማ ቀረ። ከሞተሩ እስከ ፒቲኦው፣ ማለትም ማጨጃውን እስከሚያሽከረክረው የኋላ ዘንግ ድረስ፣ በማርሽ መሐል ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይጠፋል። 23 ገደማ ደረሳችሁ። ስላሸር በአንድ ሜትር ስፋት 16 የፈረስ ጉልበት ያህል ፒቲኦ ላይ ይፈልጋል፤ 1.5 ሜትር ከሆነ 24 ወይም 25 ማለት ነው። አልበቃም። በዚያ ላይ ዳገት መውጣቱ የራሱን ጉልበት ይወስዳል።

ስለዚህ ለ1.5 ሜትር ስላሸር ወይም ለ1.65 ሜትር ባለ ከበሮ፣ ቱርቦ ከሌለው ከ45 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ ካለው ደግሞ 40 አካባቢ ፈልጉ። ቱርቦ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙ አይጎዳውም። መካኒክ ዘንድ ትንሽ ይከብዳል እውነት ነው፤ ዘይት በሰዓቱ ካልተቀየረና ሞተሩ እንደሞቀ በድንገት ከጠፋ ቱርቦው ቶሎ ይሞታል። ነጂያችሁ ማሽን የሚንከባከብ ከሆነ ቱርቦ ያለውን፣ ካልሆነ ተለቅ ያለውን ቱርቦ አልባ እመርጥላችኋለሁ።

ከዚህ በላይ ግን አትሂዱ። «ለነገም ይሆነኛል» ተብሎ 90 የፈረስ ጉልበት መግዛት ለተዳፋት ሳር ጥፋት ነው። ከመሬቱ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ከብዶ ለስላሳውን መሬት ይረግጣል፣ ናፍታውንም ይጠጣል።

የሥራ ፍጥነቱንም አስሉት። 1.5 ሜትር የሚያጭድ ማሽን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በወረቀት 0.75 ሄክታር ነው፣ መዞሪያውና መደራረቡ ሲቀነስ 0.6 ይሆናል፣ ተዳፋት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 8 ሄክታር በሁለት ቀን ያልቃል ማለት ነው። እናንተ ያላችሁ 2 ሄክታር ከሆነ በዓመት ለግማሽ ቀን ሥራ ትራክተር መግዛት አለባችሁ ወይ? ከጎረቤት ጋር በጋራ መግዛት ወይም መከራየት ያዋጣ ይሆናል። በቅንነት አስቡበት።

እንዳይገለበጥ የሚያደርጉት ነገሮች

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከወንበሩ ጀርባ የሚቆመው የመገልበጥ መከላከያ ብረት። ሮፕስ ይሉታል። ትራክተሩ ቢገለበጥ ነጂው እንዳይጨፈለቅ ቦታ የሚይዝለት እሱ ነው። ከፋብሪካው የተገጠመና የምርመራ ምልክት የተለጠፈበት መሆን አለበት። ሰፈር ውስጥ ተበይዶ የተገጠመ ቧንቧ ሮፕስ አይደለም። ሮፕሱ የሚሠራው ደግሞ ከወንበር ቀበቶ ጋር ነው። ቀበቶ ካልታሰረ ነጂው ይወረወርና ትራክተሩ ወይም ያው ብረቱ ላዩ ላይ ይወድቃል። የሚታጠፍ ሮፕስ ከሆነ ተዳፋት ላይ ታጥፎ አይሠራም። ዋጋ ለመቀነስ «ያለ ሮፕስ ላድርግልህ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ከዚያ ቤት ውጡ።

ጋቢና ያስፈልጋል ወይ? ብርድና አቧራ ይከላከላል፣ ያማረም ነው። ግን ክብደቱ ከላይ ስለሆነ የትራክተሩን ሚዛን ወደ ላይ ይገፋዋል። ለተዳፋት ጋቢና የሌለውን፣ ሮፕስና የፀሐይ ጣሪያ ብቻ ያለውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛ፣ የጎማዎቹ ስፋት። የኋላ ጎማዎች በግራና በቀኝ ምን ያህል ተራርቀው ሊቆሙ እንደሚችሉ ጠይቁ። ብዙ ትራክተሮች ላይ የጎማው ሰሐን ተገልብጦ ሲታሰር ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ሾውሩም ውስጥ ትራክተሩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በጠባቡ ነው፣ ምክንያቱም ኮንቴይነር ውስጥ የገባው እንደዚያ ነው። ሳትረከቡት በፊት በሰፊው እንዲያስሩላችሁ ጠይቁ። ሃያና ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የጨመረ ስፋት የትራክተሩን ባሕርይ ይለውጠዋል። ለፍራፍሬ ተክል መሐል ተብሎ የተሠራ ጠባብ ትራክተር በርካሽ ቢገኝም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ክብደት በትክክለኛው ቦታ። የኋላ ጎማ ውስጥ ውሃ መሙላት ርካሽና ጠቃሚ ነው። መንፊያው ከላይ ሆኖ እስከ መንፊያው ልክ ይሞላል፣ ያ የጎማውን 75 በመቶ ያህል ነው። መካከለኛ የኋላ ጎማ ከ150 ሊትር በላይ ይይዛል፤ በሁለቱ ጎማ ከ300 ኪሎ በላይ ክብደት ዝቅ ብሎ ተቀመጠ ማለት ነው። ጎሚስታው ለውሃ የሚሆን ማያያዣ ሊኖረው ይገባል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከፊት ደግሞ የብረት ክብደቶች ይሰቀላሉ። ከኋላ ከባድ ማጨጃ ተንጠልጥሎ ዳገት ሲወጣ የፊቱ ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል፣ ከባሰም ወደ ኋላ ይገለበጣል። ማጨጃው ተነሥቶ እያለም ቢሆን ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ 20 በመቶ የፊት ጎማ ላይ ሊያርፍ ይገባል። የፊት ክብደቶቹ በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን ፕሮፎርማው ላይ አስጽፉ። ብዙ ጊዜ «ለብቻው ነው» የሚባለው ከተከፈለ በኋላ ነው።

አራተኛ፣ ጎማው። ለግቢ ሳር የሚሰጠው ጥርሱ ለስላሳ ጎማ እርጥብ ተዳፋት ላይ ይንሸራተታል። ትልልቅ ጥርስ ያለው የእርሻ ጎማ ይሁን። ሳሩን ትንሽ ይጎዳል፣ ይጉዳው።

ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፒቲኦ

ባለ ሁለት ጎማ ጎታች ትራክተር ዋጋው ይቀንሳል፣ ለተዳፋት ግን አትግዙት። ምክንያቱ ዳገት ለመውጣት ብቻ አይደለም። የብዙ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ይቀልና ይንሸራተታል። የፊት ጎማዎቹ ከተገናኙ ግን ፍሬኑም ሞተሩም አራቱንም ይይዛሉ። ስለዚህ ባለ አራት ጎማ ጎታች፤ ቁልቁለት ስትወርዱም ተገናኝቶ።

የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳሎች ለብቻ የሚረገጡ ናቸው፣ በእርሻ ላይ ለመዞር ያገለግላሉ። ተዳፋት ላይ ሁልጊዜ በማያያዣው ታስረው አንድ ላይ መረገጥ አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ ባላሰባችሁት በኩል ይጠመዘዛል። ዘይት ውስጥ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ያለውን ምረጡ፣ ጭቃና አቧራ አይነካውም።

ማርሽን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ይቀርብላችኋል። አንዱ በፔዳል ብቻ ፍጥነቱ የሚስተካከልና በዘይት ግፊት የሚሠራ ሃይድሮስታቲክ ነው። ለማጨድ ድንቅ ነው፣ ነጂው ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ሆኖም ንጹሕ ዘይትና ትክክለኛ ፊልትሮ ካላገኘ ይበላሻል፣ ሲበላሽ ደግሞ የሚጠግነው ሰው ጥቂት ነው። ሌላው የተለመደው ካምቢዮ ሲሆን፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚቀይር አንድ ዘንግ ከመሪው ሥር ያለው ቢሆን ይመረጣል። በእኛ ሁኔታ እኔ ሁለተኛውን እገዛለሁ። መካኒኩም ያውቀዋል፣ መለዋወጫውም ይገኛል።

ፒቲኦው ራሱን የቻለ መሆኑን አረጋግጡ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደለም። ፒቲኦው ከጉዞ ፍሪሲዮኑ ጋር በተያያዘ ትራክተር ላይ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ለማቆም ስትሞክሩ የከባዱ ምላጭ ሽክርክሪት ትራክተሩን ወደፊት ይገፋዋል። ቁልቁለት ላይ ይህ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሻጩን «ትራክተሩን አቁሜ ማጨጃው ሊሽከረከር፣ ማጨጃውን አቁሜ ትራክተሩ ሊሄድ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁና በተግባር ያሳያችሁ። ፍጥነቱ በደቂቃ 540 መሆኑንም እዩ፣ አብዛኛው ማጨጃ የሚፈልገው እሱን ነው።

የትኛው ብራንድ?

ማሲ ፈርጉሰን፣ ጆን ዲር፣ ኒው ሆላንድ፣ ኩቦታ፣ ማሂንድራ፣ ሶናሊካ፣ ዋይቲኦ፣ ቤላሩስ፤ ሁሉም ጥሩ ሞዴልም ደካማ ሞዴልም አላቸው። ሰው «ጃፓን ነው ቻይና?» ብሎ ይከራከራል። እኔ የምላችሁ አገሩን ተዉትና መለዋወጫውን ተከተሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የአንዱን ሞዴል ስም ይዛችሁ እነዚህን ዕቃዎች ጠይቁ፦ የዘይት፣ የናፍታና የአየር ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፊት አክስል ጎሚኒዎች፣ የውሃ ፓምፕ፣ የፒቲኦ ፍሪሲዮን። መጀመሪያ አስመጪው ዘንድ፣ ከዚያ መርካቶ ሶማሌ ተራ። «እናመጣላችኋለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም። መደርደሪያ ላይ ያለውን አሳዩኝ በሉ፣ ዋጋውንም ጻፉት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ከቀድሞው ጋር አይገናኝምና የድሮ ዋጋ ይዛችሁ አትወስኑ።

ሁለተኛው ጥያቄ ቴክኒሻኑ ነው። ጥቅምት ላይ ማሽኑ ተራራ ላይ ቢቆም ባለሙያ መሬቴ ድረስ ይመጣል ወይ? በስንት ቀን? ትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል? በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ። ያንን ሞዴል አንድና ሁለት ወቅት የሠሩበትን ሰዎች አግኝታችሁ አነጋግሩ፣ ሻጩ የጠቆማችሁን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁ ያገኛችኋቸውን።

«አዲስ» የተባለው አዲስ ነው?

ፀሐይና ዝናብ ላይ ዓመታት ቆሞ «ዜሮ» ተብሎ የሚሸጥ ትራክተር አለ። ሰዓት መቁጠሪያው ዜሮ ቢልም ጎሚኒውና ባትሪው አርጅቷል። ጎማውን እዩ፤ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ያለው የምርት ቀን ካለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019 ዓ.ም 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የትራክተሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን የምርት ዓመት አንብቡ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር አስተያዩ፣ ፊደል በፊደል። የቁጥር ስህተት ካለ ሊብሬ ስታወጡ መከራ ነው። ከሥር ተኙና የዘይት ላብ ፈልጉ። የናፍታ መስመሩ ላይ የውሃ መለያ መኖሩን እዩ፤ በበርሜልና በጀሪካን የተቀመጠ ናፍታ ውሃ አያጣም። የአየር ፊልትሮው ሁለት ድርብ ያለው ደረቅ ዓይነት ይሁን፣ የሳር ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም። ራዲያተሩ ፊት የሚወጣና የሚጸዳ ወንፊት ይኑረው።

ሳትከፍሉ በራሳችሁ መሬት ላይ ሞክሩት

ሾውሩም ግቢ ውስጥ አስፋልት ላይ መንዳት ምንም አይነግራችሁም። ማሽኑን ከነማጨጃው መሬታችሁ ላይ እንዲያመጡት ጠይቁ፣ የጭነቱን ብትከፍሉም ያዋጣል። ማጨጃው ተገጥሞ፣ ክብደቱ ተሰቅሎ፣ ልምድ ያለው ነጂ ይዞት፣ ለስላሳ ከሆነው ተዳፋት ይጀመር። ዳገት ሲወጣ የፊቱ ይቀላል? ሞተሩ በሙሉ ጭነት ጥቁር ጭስ ይተፋል? የፒቲኦው ፍጥነት ይወርዳል? ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ሲለቀቅ ሞተሩ ይይዘዋል ወይስ ይገፋል? የእጅ ፍሬኑ ዳገት ላይ ብቻውን ያቆመዋል? ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የሙቀት መለኪያው የት ላይ ነው?

ሙከራው ጠዋት በጤዛ አይሁን። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ያረፈበት ሳር በጣም ያንሸራትታል፣ ለሥራም ቢሆን ፀሐይ ወጥቶ እስኪደርቅ ጠብቁ። አነዳዱን ለነጂያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከላይ ወደ ታችና ከታች ወደ ላይ ይጨድ እንጂ በአግድም አያቋርጥ፤ ባለ ከበሮ ሆኖ የግድ ካቋረጠም ቅድም እንዳልኩት ማጨጃው በዳገቱ በኩል ይሁን። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ይምረጥ። መሐል ላይ ፍሪሲዮን አይርገጥ፣ በፍሪ ጨርሶ አይልቀቀው። ሲዞር ዝግ ብሎ፣ ማጨጃውን ከመሬት ትንሽ ብቻ አንሥቶ ይዙር። ትራክተሩ ላይ ሌላ ሰው አይጫን፣ የባለቤቱ ልጅም ቢሆን።

ገንዘቡና ወረቀቱ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። የእርሻ መሣሪያ ላይ ያለው የቀረጥ ነፃ ዕድል ለእናንተ የሚሠራ መሆኑን ከክፍያ በፊት ጠይቁ፣ ዋጋውም በዚያ ልክ መቀነሱን እዩ። ልማት ባንክና ሌሎች ተቋማት በሊዝ ፋይናንስ ማሽን ይሰጣሉ፤ ከመደበኛ ብድር ጋር አነጻጽሩ። ሊብሬና ታርጋ በማን እንደሚጨርስ ውሉ ላይ ይግባ። ነጂው ለመሣሪያ የሚሆን መንጃ ፈቃድ ይኑረው። ኢንሹራንስ ስትገቡ የሦስተኛ ወገን ብቻ ሳይሆን መገልበጥንም የሚሸፍን መሆኑን አንብቡ። ናፍታ በጀሪካን ለመቅዳት ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፣ ሳሩ ሳይደርስ በክረምቱ ጨርሱት።

የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት

አዲስ ማሽን ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው አሁን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሥራ ማብቂያ ላይ የጎማ ቡሎኖቹን በሙሉ በትክክለኛው ቁልፍ አጥብቁ፣ በተለይ ስፋቱ ተቀይሮ የታሰረ ከሆነ፤ ለጥቂት ቀናት ድገሙት። ሞተሩን ሳይሞቅ አታስጨንቁት፣ ሥራ ፈትቶም ለረጅም ጊዜ እየተንደቀደቀ እንዲቆም አታድርጉ። 50 ሰዓት ላይ በብዙ ሞዴሎች የሞተር ዘይትና ፊልትሮው ይቀየራል፣ የካምቢዮና የሃይድሮሊክ ፊልትሮውም አብሮ። ይህንን ሰርቪስ አስመጪው ራሱ እንዲሠራው አድርጉ፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ። ዋስትናችሁ የሚጸናው በዚህ ወረቀት ነው። በየቀኑ ማታ የራዲያተሩን ወንፊት ጥረጉ፣ ጭስ ማውጫው አካባቢ የተከማቸውን ደረቅ ሳር አንሡ፣ ናፍታ ከመሙላታችሁ በፊት ሞተሩ ይብረድ። የማጨጃው ምላጭ ሲቀየር ሁሉም በአንድ ላይ ይቀየር፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም ኩሽኔታውን ይበላዋል። ማጨጃው ሥር እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ማጨጃውም በሃይድሮሊኩ ብቻ ተንጠልጥሎ ሳይሆን በወፍራም እንጨት ወይም በብረት ማቆሚያ ተደግፎ።